እርቅ ማን ጠየቀ

ሰው አንቱ እየተባለ ይናቃል እንዴ? ይናቃል። ቢቸና ካለው ከወረዳው ውሃ ቢሮ ደጅ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ «እማማ፣ ይረፉ» ይሉኛል። ከኋላዬ የመጣው ሁሉ ገብቶ ይወጣል፣ እኔ እንዳረፍሁ ነኝ። እረፍትማ ብፈልግ ቤቴ መደብ አለኝ። ተራዬ ደርሶ ስገባ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጉዳዬ አይደለም። ከማን ጋር መጡ ይለኛል ጠረጴዛው ኋላ ያለው ልጅ። ከእግሬ ጋር መጣሁ አልሁት። ወንድ ልጅ የለዎትም ወይ አለ። አለኝ፣ ሀብተ ሥላሴ ይባላል፣ ሥራ ፍለጋ ቆላ ወርዷል። እንግዲያው እሱ ሲመለስ ቢመጣ ይሻላል፣ ነገሩ የባለሙያ ነው፣ ለእርስዎ ይከብዳል አለኝ።

እኔ ባል ቀብሬ ልጅ ያሳደግሁ፣ ከወንድሞቼ ጋር በርስት ተሟግቼ የረታሁ ሴት ነኝ። ያኔ ዳኛው ፊት ቆሜ ስናገር ማን አስጠናሽ ያለኝ የለም። ፊደል አልቆጠርሁም፣ እውነት ነው። ታዲያ ይህ ውሃ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም ብሎ ለመጠየቅ ፊደል ምን ያደርጋል? ላሜም ሳትማር አሽትታ ነው የምትጠጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንደራችን ከቢቸና ወጣ ብሎ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። ከቤቴ ዝቅ ብሎ ሾላው ሥር ምንጭ አለ፤ እናቴም ከዚያ ቀድታለች፣ እኔም ከዚያ ቀድቼ አረጀሁ። ክረምቱ እንደወጣ መኪና መጣ። ልጆች ወረዱና ውሃውን በትንንሽ ጠርሙስ ቀዱ፣ ጠርሙሱን እንደ አራስ ሕፃን ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አስተኙት። ከዚያ አንደኛው ቀለም አወጣና ከምንጩ ራስ ያለውን ድንጋይ በቀይ ቀባው። ምንድን ነው ብንል ውጤቱ ሲመጣ ቢሮው ያሳውቃችኋል ብለው አቧራቸውን አጠጥተውን ሄዱ።

ቀይ ቀለም። እስቲ ምን ይባላል? ገሚሱ ሰው ቀይ ማለት ክልክል ነው አለ፤ ከተማ መኪና የሚያቆመው መብራት ቀይ አይደለም ወይ እያለ። ገሚሱ የለም፣ ቧንቧ ሊሠሩልን ቦታውን ምልክት አደረጉ አለ። በዚያው ሰሞን የጎረቤቴ የወለተ ሐና ልጅ ሆዱን ታሞ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። የጨከነ ከምንጩ ይጠጣል፣ የፈራ ሸለቆ ወርዶ ከወንዙ ይቀዳል።

እኛ ቤት ፈርተናል። የምትወርደው ምራቴ ባንቺዓለም ናት፤ እሷ ደግሞ ሆዷ ገፍቷል፣ የመጀመሪያዋ ነው። ቢጫውን ጀሪካን አዝላ ያንን አቀበት ስትወጣ ከላይ ሆኜ እርምጃዋን እቆጥራለሁ። ልጄ አደራ ብሎኝ ነው የወረደ። ከምንጩ ጠጪ ልበላትና ውሃው መርዝ ቢሆንስ? ወንዝ ውረጂ ልበላትና ብትወድቅስ? የሄድሁት ይህን ልጠይቅ ነው። ከዚህ ሌላ አንዳች ነገር አልጠየቅሁም።

ቢሮው ውስጥ ሕዝብ ግንኙነት የሚሉት ልጅ ምንይሉ ይባላል። አያቱን አውቃታለሁ፣ ለጭቃ ሹም እንኳ አፏን የማትመልስ ሴት ነበረች። እሱ ከዚያች ሴት ዘር እንዴት እንደመጣ እንጃ። ትሑት ነው። ተነሥቶ ይቀበለኛል፣ ጉልበቴን ሊስም ይቃጣዋል። ሥራህ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። ሕዝቡ መረጃ ሲጠይቅ ተቀብሎ መልስ መስጠት ነው አለኝ። እንግዲያው ሕዝቡ መጣሁልህ አልሁት። ሳቀ። ቀጠለና ጥያቄዎ በጽሑፍ ይሁን አለ። እኔ መጻፍ አልችልም፣ አንተ ግን ስትጽፍ አይቼሃለሁ፣ ጻፈው አልሁ። ጠያቂም እኔ መላሽም እኔ ልሁን ወይ ብሎ እንደገና ሳቀ። ሳቁ አላለቀበትም፣ ብዕሩን ግን አላነሣም።

ወደ ውስጠኛው ክፍል ወደ ኃላፊው ገባ። ሲወጣ ፊቱ ሌላ ሆኗል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አለኝ፤ ሰውዬው ከግድግዳው ወዲያ በስልክ ሲስቅ እየሰማሁት። ሌላ ቀን ሄድሁ፣ ውጤቱ በሂደት ላይ ነው አለኝ። ደግሜ ሄድሁ፣ እየተጣራ ነው አለኝ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ እኔ ጠይቄም አግዳሚው ላይ ቀረሁ።

በመጨረሻ በገበያ ቀን፣ ደጁ ባለጉዳይ በሞላበት ሰዓት ሄድሁና ድምፄን አነሣሁ። ያልሁትን ሁሉ አልደግመውም፣ ይህን የሚሰማ ካህንም ይኖራል። ብቻ በማን ውሃ የተቦካ እንጀራ እንደሚበላ ጠይቄዋለሁ፣ ምላሱን ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት እንደሆነም ጠይቄዋለሁ። ሰው ሳቀ። ምንይሉ አንገቱን ደፋ። የኃላፊው በር ገርበብ አለና መልሶ ተዘጋ።

የቅበላው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ውሻዬ ጮኸ። ብወጣ መሪጌታ ሣህለ ማርያም ናቸው፤ የቅኔ መምህራችን፣ ያገር ጠብ የሚበርደው በእሳቸው ቃል ነው። ከጎናቸው ሁለት ሽማግሎች። ከኋላቸው ምንይሉ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ወገቡን ሰብሮ።

ክው አልሁ። ባገራችን ድንጋይ የሚሸከም ደም ያፈሰሰ ሰው ነው። ማን ሞተ አልሁ።

ማንም አልሞተም። መሪጌታ ነገሩን አስረዱኝ። ልጁ አስቀይሞኛል፣ ጥፋቱንም አምኗል፣ ኃላፊውም እኒያ እናት አዝነዋልና አስታርቁልን ብሎ ልኮባቸዋል። ስለዚህ ለእግዚአብሔር ብዬ፣ ለሽበታቸውም ብዬ ይቅር እንድል። እኔ ከማንም አልተጣላሁም አልኋቸው። ውሃ ነው የጠየቅሁት፣ ውሃውን ይንገረኝና ድንጋዩን ጥሎ ይሂድ፣ ምሳም አበላዋለሁ አልሁ።

«ወይዘሮ ስርጉት» አሉ መሪጌታ፣ «የቢሮውን ለቢሮው ይተዉት። እኛ የመጣነው ለሰላም ነው። እሺ ካላሉን አንቀመጥም።»

ያውላችሁ። ሽማግሌ አንዴ አልቀመጥም ካለ አልተቀመጠም። መደብ ላይ አጎዛ አነጠፍሁ፣ ማንም አላየውም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መሪጌታ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ጎረቤት አጥር ላይ ተሰቀለ። ወለተ ሐና እንኳ፣ ልጇ የታመመባት፣ ኧረ እሺ በያቸው እያለች በዓይኗ ትለምነኛለች። ሽማግሌ ከደጇ የመለሰች ሴት ነገ ስትሞት ሬሳዋን የሚያነሣላት የለም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እነሱም ያውቃሉ፣ ከግድግዳው ወዲያ የሚስቀው ኃላፊም ያውቃል።

ወደ ምንይሉ ጠጋ አልሁ። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ውጤቱ መጥቷል ወይስ አልመጣም አልሁት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። መሪጌታ ቀደሙት፣ እርቅ ላይ ምርመራ የለም አሉኝ። 

ይቅር ለእግዚአብሔር አልሁ። ምን ልበል? ድንጋዩን ከደጄ ጥግ ጣለው፣ እግሬ ላይ ወድቆ ተነሣ። ቤት ያፈራውን በሉ፣ መረቁኝ። መሪጌታ በእሱ በኩል ዋስ ሆኑ፣ ነገሩ ተቀብሯል፣ የቆፈረውን እግዚአብሔር ይየው ብለው አሰሩት።

በሳምንቱ ውሃዬን ልጠይቅ ወደ ቢሮው ብቅ ብል ምንይሉ በር ላይ ተቀበለኝ። ደስ ብሎታል።

«እማማ፣ ታርቀን የለም እንዴ?» አለ፣ ሰው እንዲሰማው አድርጎ።

አግዳሚው ላይ የነበሩት ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ ምነው እናቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ እርቅ ያፈርሳሉ አለችኝ። ያን ጊዜ ብልሃቱ ገባኝ። ሌላ ሰው ሲጠይቅ ወይ ይመለስለታል ወይ ይከለከላል። እኔን አስታረቁኝ። ጥያቄዬን ወስደው ጠብ አደረጉት፣ ጠቡን በሽማግሌ ቀበሩት፣ ውሃውም አብሮ ተቀበረ። እንዲህ ያለ ተንኮል ከትምህርት ቤት የሚገኝ ከሆነ እንኳንም አልተማርሁ።

ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ዋሱ መሪጌታ ናቸው፤ እሳቸውን ማዋረድ አልፈለግሁም።

ሁዳዴው ገብቶ ሰንብቷል። አንድ ጠዋት ባንቺዓለም አቀበቱ ላይ አዳለጣት። ጀሪካኑ እየተንከባለለ ወንዝ ወረደ፣ እሷ ቁጥቋጦ ይዛ ቀረች። ወለተ ሐናና እኔ ደግፈን አወጣናት። ቤት ስትገባ ደም አየች። የጤና ኬላዋ ልጅ መጥታ ሆዷን አዳመጠችና ጽንሱ ደኅና ነው፣ ግን ከእንግዲህ ሸክም የለም፣ ትተኛ አለች። ደግማ ደግሞ ንጹሕ ውሃ በብዛት ትጠጣ አለችኝ። ንጹሕ ውሃ! የቱ ነው ንጹሑ አልኋት። ቢሮ ጠይቁ አለችኝ።

በማግሥቱ ውሃ ልቀዳ የወረድሁ እኔ ነኝ። ስወጣ አቀበቱ መሐል ቁጭ ብዬ አሰብሁ። እርቁ ከምንይሉ ጋር ነው። ከሞጣ ጋር አልታረቅሁም።

ጠርሙሶቹ መጀመሪያ ሞጣ ወዳለ ጣቢያ እንደሚገቡ ያን ጊዜ ውሃውን የቀዱት ልጆች ሾፌር ሲናገር ሰምቼ ነበር። ባንቺዓለምን ለወለተ ሐና አደራ ሰጥቼ፣ መኪና በተገኘበት ቀን ተሳፈርሁ። መንገዱን ሙሉ ስድቤን ሳሰላ ሄድሁ። ለኃላፊ የሚሆን፣ ለዘበኛ የሚሆን፣ ለጸሐፊ የሚሆን፣ ሁሉንም ለየብቻ አዘጋጅቼ ነበር።

ጠረጴዛው ኋላ ያገኘሁት ሻሽ ያሠረች ልጅ ናት፤ ነጅዋ ትባላለች፣ ወላጆቿ ሞጣ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ረመዳን ነበር። የእሷም ከንፈር ደርቋል፣ የእኔም ደርቋል። ከማን ጋር መጡ አላለችኝም። ወንበር ሳበችልኝና ምን ማወቅ እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። እስከዛሬ ማንም አልጠየቀኝም ነበርና ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ባለቤት አጣ።

ነገርኋት። ወረቀት አወጣችና ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ፤ የምንጭ ውሃ ጥራት ምርመራ ውጤት ስለመጠየቅ ይላል። ይህ የእኔ ቃል አይደለም አልኋት። ባንቺዓለም ትጠጣ ወይስ አትጠጣ ብለሽ ጻፊ። ሣቀችና እሱንም ከሥሩ ጨመረችው። ማኅተም መታችበት፣ አንዱን ለራሷ አስቀርታ አንዱን ሰጠችኝ። እጄን ዘርግቼ ልመርቃት ስጀምር ያዘችኝ።

«እማማ፣ ሥራዬ እኮ ነው» አለች። «መጻፍ ለማይችል ሰው እኔ መጻፍ አለብኝ። መልሱ ካለኝ እሰጣለሁ፣ ከከለከልሁም ለምን እንደከለከልሁ እናገራለሁ። ውለታ አይደለም።»

ከዚያ ስለ ውሃው ጠየቅኋት። እነሱ ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ መርማሪዎቹ ያሳልፋሉ እንጂ ውጤቱ እነሱ ጋ አይቀመጥም፤ በቀጥታ ለየወረዳው ይላካል። ለቢቸናው ቢሮ መድረሱን ግን ታውቃለች። ወደ አለቃዋ በር ሰረቅ አድርጋ አየች፤ እሷም ያው ትንሽ ሠራተኛ ናት፣ እሷም ኃላፊ አላት። ድምፅዋ ዝቅ አለ፣ ቃሏን ግን አላጠፈችውም። ከጥምቀት በፊት ደርሷል አለችኝ፤ የተረከበው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው ምንይሉ ነው።

ከጥምቀት በፊት። እኔ አግዳሚው ላይ መቀመጥ የጀመርሁት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው።

ቀዩ ቀለምስ አልኋት። ግራ ገብቷት አየችኝ። ውሃ የተቀዳበትን ቦታ ለይተን እንድናውቅበት ነው፣ የትም ስንሄድ እንቀባለን፣ ምንም ማለት አይደለም አለች። አያችሁ? ማንበብ አይችሉም የተባልን ሰዎች ክረምት ወጥቶ ሁዳዴ እስኪገባ ያልተጻፈ ስናነብ ኖረናል። ማንበብ የሚችለው ደግሞ የተጻፈውን ይዞ ተቀምጧል።

ያን ቀን ሞጣ አደርሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የማየው የምንይሉን ማጅራት ነው። ያን ድንጋይ ተሸክሞ ከቢቸና እስከ ቤቴ ሲመጣ መልሱ በእጁ ነበር። አንገቱ ሊሰበር ደረሰ፣ እንዲያ ሆኖም አንዲቱን ቃል ከመናገር ድንጋዩ ቀለለው።

ስመለስ ቤቴ አልገባሁም፣ በቀጥታ መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ። ተማሪዎቻቸው ከዛፉ ሥር ቅኔ ይቆጥራሉ። እሳቸው ገና ሲያዩኝ ገብቷቸው የታረቀ ነገር አይነሣም ብለው ጀመሩ። እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው።

«ያን ቀን በፀሐይ የቆሙለት ልጅ ውጤቱ በእጁ እንዳለ ነግሮዎታል?»

መሪጌታ ጥምጥማቸውን ነካ ነካ አደረጉ።  አልነገረኝም፣ ሸክሙ የት አለ አሉኝ። ምኑ ብል ተሸክሞት የመጣው ድንጋይ አሉ። አሁንም ከደጄ ጥግ ነው፣ ባንቺዓለም ከመውደቋ በፊት ጀሪካኗን እያሳረፈች ትንፋሽ ትወስድበት ነበር አልኋቸው። መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሡ።

ድንጋዩን በወለተ ሐና አህያ ጭነን ቢቸና ገባን። ዘበኛው ለድንጋዩ ፈቃድ ጠየቀን፤ መሪጌታን ሲያይ ተወው። ተራ አልጠበቅሁም፣ አግዳሚውንም ዞር ብዬ አላየሁት። ሁለት ባለጉዳዮች አግዘውኝ ድንጋዩን ምንይሉ ጠረጴዛ ላይ ዱብ አደረግነው። ማኅተሙ ዘለለ። መሪጌታ ቀስ ብለው፣ ቅኔ እንደሚያርሙ ሆነው፣ ሽሽግ ያለበት እርቅ እርቅ አይደለም፣ ዋስትናዬን አውርጃለሁ አሉት።

ምንይሉ ፊቱ አመድ መሰለ። ተንደርድሮ ወንበር አመጣልኝ፣ ይቀመጡ እማማ አለ። አልቀመጥም አልሁት። መሪጌታም አልተቀመጡም። አግዳሚው ላይ የነበሩትም አንድ በአንድ እየተነሡ በሩን ሞሉት፤ ያቺ እርቅ ያፈርሳሉ ያለችኝ ሴት ሳትቀር።

«እማማ» አለ ድምፁ እየተሰበረ፣ «ኃላፊው ሳይፈቅዱ ከተናገርሁ እንጀራዬ ነው የሚሄደው። ጊዜው ሲደርስ እንገልጸዋለን ብለውኛል። እኔ ትንሽ ሰው ነኝ።»

ትንሽ ሰው! ሞጣ ያለችውም ትንሽ ናት። እሷም እንጀራ ትበላለች፣ ያውም እየጾመች። እንዲህ አልሁት፦

«ስማኝ ምንይሉ። ድንጋይህን መልሼልሃለሁ፣ ከእንግዲህ ይቅር በይኝ እያልህ ደጄ እንዳትመጣ። አልተጣላንም፣ አልታረቅንምም። አሁን ያንን ብዕር አንሣ። ስርጉት ጠየቀች ብለህ ጻፍ፣ ጽፈህ ሰው በሞላበት አንብብልኝ። ከዚያ ወይ መልሱን ንገረኝ፣ ወይ ከልክለኝና ማን እንደከለከለ በስሙ ጥራልኝ። የአያትህን ጉልበት ታውቀዋለህ፣ የእኔም ከእሷ አያንስም፤ እሺ ካላልኸን አንቀመጥም። ወደ ኃላፊው በር አትይ፣ እኔን እይ። የልጅ ልጄ እየመጣ ነው። ባንቺዓለም ከምንጩ ትጠጣ ወይስ አትጠጣ? በል።»